ያለ እሳት የተቆረጠ ብረት

ሰው ስለ እጁ ሥራ ሲጠየቅ ደረቱን ነፍቶ ይናገራል። እኔ ወጣት ሳለሁ «ምን ትሠራለህ?» ያለኝን ሰው መጀመሪያ ፊቱን አጠናለሁ፤ ከዚያ «ፋብሪካ ነኝ» ብዬ አልፋለሁ። ፋብሪካ አልነበረም። ኮልፌ ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በዘይት የጠቆረ አንድ ቶርኖ ቤት ነበር።

ቶርኖ ብረት አስሮ የሚያሽከረክር መኪና ነው። የሚሽከረከረውን ብረት ጫፉ የተሳለ ጠንካራ ቢላ እየተጠጋ ይልጠዋል። ድንች እንደመላጥ ቁጠሩት፤ ብቻ ልጣጩ እየጋለና እየተንጣጣ፣ አንዳንዴም ብልጭታ እየረጨ ነው የሚወጣው። ቢላው ከሙቀቱ የተነሣ እንዳይቃጠል ዘይትና ሳሙና የተደባለቀበት ውሃ ይፈስበታል። ውሃው ይጨሳል፣ ጭሱ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ከልብስ አልፎ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ማታ አውቶቡስ ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምንም ሳይናገር ወደ መስኮቱ ይጠጋል።

ያ ሽታ በእኛ አገር ስም አለው። ቀጥቃጭ ይባላል። ቀጥቃጭ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት የማይጠራው ሌላ ስም አለው፦ ቡዳ። ዓይኑ ሰው ይበላል ይላሉ። የሚበላ ሰው ካየ የጎረሰውን ሆዱ ውስጥ ያሳርርበታል፤ ሕፃን ካየ ሕፃኑ ሲያለቅስ ያድራል። ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚሉም ነበሩ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውል ሰው፣ ሌሊት ጅብ የምሆንበት ጉልበት ከየት እንደማመጣ የነገረኝ የለም።

በዘሬ አንድም ቀጥቃጭ የለም። አባቴ በልጅነቱ ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው። ብረት ልማር ብዬ ስነግረው «ጨርቅ ምን በደለህ?» አለኝና ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዬ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። በአባቴም አገር ብረት የሚሠራ ሰው ከመንደሩ ዳር ነው ጎጆውን የሚቀልሰው። ስለዚህ ሌላውን ብቻ አልወቅስም፤ ሁሉንም ነው የምወቅሰው።

ከወደድኳት ልጅ ጋር ያገናኘኝም ብረት ነው። የእናቷ የስፌት መኪና ዘንግ ተሰብሮ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችው። ሁለተኛ ደረጃ የምትማር፣ ዩኒፎርሟ የተተኮሰ፣ የሰው ዓይን የማትፈራ ልጅ ነበረች። በማግሥቱ አዲሱን ዘንግ ስሰጣት ወደ ፀሐይ አንሥታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችውና «መስታወት ነው እንዴ የሠራኸው?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሥራዬ ከሰው አፍ የሰማሁት መልካም ቃል አልነበረም። ማታ ቤቴ ስገባ እጄን ዝም ብዬ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርማታው አጠገብ ያለችው ኬክ ቤት እንገናኝ ጀመር። እሷ ለስላሳና ቦምቦሊኖ፣ እኔ ማኪያቶ። አንድ ቀን ቦምቦሊኖዋን ስትገምጥ «ዓይኔን ልጨፍንልሽ እንዴ? ቀጥቃጭ እያየሽ እኮ ነው» አልኳት። ቀልድ አስመስዬ ልፈትናት ፈልጌ ነው። አፏ እንደሞላ ሳቀች። የተረፈውን ቁራጭ ዓይኔ ሥር አምጥታ እያወዛወዘች «እንግዲያው ብላኝ!» አለች። አገጯ ላይ ስኳር ተለጥፎ ነበር። በዚያች ቃል ለእኔ ነገሩ አለቀ፤ ይህቺን ልጅ ካላገባሁ ሌላ አላገባም አልኩ።

አባቷ ግራዝማች ነበሩ። ኮልፌ ውስጥ መሬትና የሚያከራዩዋቸው ቤቶች ያሏቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ መንገድ የሚለቀቅላቸው፣ ቁጡ ሽማግሌ። ሽማግሌ ላክሁባቸው። የመጀመሪያውን ቀን በር ላይ አቁመው መለሷቸው፤ ይህ ወግ ስለሆነ ማንም አልከፋውም። ሁለተኛውን ቀን አስቀምጠው «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ። ከላክኋቸው አንዱ የዕድራችን ዳኛ ነበር፤ ቀልጠፍ ብሎ «መካኒክ ነው፣ ግራዝማች» አለ።

«መካኒክስ መኪና ሥር ይተኛል» አሉ ግራዝማች። «የዚህ ልጅ ግን እሳት ከእጁ ሲረጭ ሰዎቼ በበሩ ሲያልፉ አይተውታል። ልጄን ለእሳትና ለብረት ሰው አልሰጥም። አጥንቱን አጣሩና ንገሩኝ እንኳ አልላችሁም፤ እሳቱ ይበቃኛል።»

ዳኛው ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነበር። እኔ ግን የያዝኳት አንዲት ቃል ናት። እሳቱ። የጠሉት እሳቱን ከሆነ እሳቱን ማጥፋት ነው የሚጠበቅብኝ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሞኝነት የሚመጣው ሰው በጣም ሲፈልግ ነው።

የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። «ማስትሮ» እንለዋለን። አማርኛውን የተማረው ከጫኝና አውራጅ ስለሆነ ሰላምታው ሁሉ ስድብ ነው። በዚያ ሰሞን ለአንድ ፋብሪካ የማይዝግ ብረት ዘንጎች እንድንሠራ ታዘን መከራችንን እናያለን። የማይዝግ ብረት ክፉ ነው። ሙቀቱን ወደ ራሱ አያስገባም፤ ሁሉንም ቢላው ጫፍ ላይ ይቆልለዋል። ጠዋት የሳልነው ቢላ ረፋዱ ላይ ይደንዛል። ዘይትና ሳሙናችን ከመጨስ በቀር ፋይዳ አልነበረውም፤ አዲስ ቢላ ደግሞ በመርከብ ነው የሚመጣው።

ማስትሮ አንድ ቀን ከአገሩ የመጣለትን መጽሔት እያወናጨፈ ገባ። በውጭ አገር ቢላውን በውሃ ሳይሆን በብርቱ ቅዝቃዜ እያቀዘቀዙ ይቆርጣሉ አለ። ለዚህ የሚሆነው ጋዝ ሩቅ አልነበረም፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ገብቶ አፍንጫ የሚኮረኩረው ያው ጋዝ ነው። አንድ ሲሊንደር አስመጣ። ሲሊንደሩን ዘቅዝቀን አሰርነው፣ ከአፉ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ቀጥለን የቱቦውን ጫፍ ቢላው ላይ አነጣጠርነው። በሩንና መስኮቱን ከፍተን ስንለቀው ፉጨት ተሰማ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ በረዶ ቢላው ላይ ይረግፍ ጀመር።

ብረቱ ተቆረጠ። ጭስ የለ፣ ብልጭታ የለ፣ ሽታ የለ። ልጣጩ ሳይጠቁር እንደ ብር ነጭ ሆኖ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ። ቱቦው ላይ አመዳይ እየበቀለ ሲወፍር፣ ቢላው ግን ምሳ ሰዓት ድረስ ሳይደንዝ ቆረጠ። ማስትሮ ደስ ሲለው የሚሳደበውን ስድብ ሁሉ ተሳደበ። እኔ የዚያን ዕለት ማታ አውቶቡስ ስሳፈር አጠገቤ የነበረችው ሴት ወደ መስኮቱ አልተጠጋችም። ፌርማታዬን አልፌ ወረድኩ፤ ልቤ ቤቷ ነበር።

ዳኛውን መልሼ ላክሁት። «ግራዝማች ራሳቸው ይምጡና በዓይናቸው ይዩ። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ካዩ ልጅቷን ሁለተኛ አልጠይቅም» በልልኝ አልኩት። እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ግራዝማች ግን «ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። እመጣለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ላይ እሷን ስነግራት እጇን በእጇ መታች። «አየህ? አባቴ ልቡ ጥሩ ነው» አለች። ከተሳካ እኔም የማታ ትምህርት እንድቀጥል፣ እሷም መምህርት እንድትሆን ተነጋገርን። የምንከራየው ቤት በሩ በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር ተከራክረናል።

የሚመጡበት ቀን የክረምት ቀን ነበር፤ ያካፋል። ማስትሮን ለዛሬ ብቻ ከቤቱ እንዲቀር ለመንኩት። ግራዝማችን በዚያ አፉ «እንዴት ዋልህ» ቢላቸው አለቀልኝ ማለት ነው። እየተሳደበ ቀረልኝ። ወለሉን ጠረግሁ፣ ልጣጩን ሁሉ ከማለዳው ቆሻሻ መጣያው ወስጄ ደፋሁ፣ ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ኮልፌ ከእኔ በፊት ያየች አይመስለኝም።

ግራዝማች ከነፍስ አባታቸው ጋር መጡ። ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ በዝናቡ የረጠበ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ጠረግ አደረጉና ቤቱን ዙሪያውን ቃኙ።

«እሳቱ የት አለ?»

«የለም፣ ግራዝማች» አልኩ እጅ እየነሣሁ። «እኛ ቤት እሳት የሚባል የለም። እንኳን እሳት፣ ጭስ የለም።»

ቶርኖውን አስነሣሁ። ጋዙን ለቀቅሁ። ቱቦው አፏጨ፣ ነጭ ጉም ተነሥቶ በቢላውና በብረቱ ዙሪያ ተልወሰወሰ፣ የብረቱም ልጣጭ እያበራ ይወርድ ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ቆርጬ አላውቅም። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ እንደ እኔ ደስ ይላቸዋል ብዬ። ግራዝማች ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ ስበው ነበር።

ነፍስ አባታቸው ጎንበስ ብለው ቱቦውን ተመለከቱ። «ይሄማ ውርጭ ነው» አሉ በጎጃም አነጋገራቸው። «እኛ አገር ጥቅምት ላይ ገብስ የሚመታው።»

«በቀን? ከብረት ውስጥ?» አሉ ግራዝማች። ይህን ብለው ጣታቸውን ወደ ቱቦው ሰደዱ።

አየሁ። ጣቱ ሲሄድ አየሁ። አመዳይ የለበሰ መዳብ ላይ እርጥብ ጣት ቢያርፍ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የራሴን አውራ ጣት ቀምሻለሁ። ግን እኒህ ሽማግሌ ናቸው፤ ግራዝማች ናቸው፤ አማቴ ሊሆኑ ነው። በሽማግሌ ላይ አይጮኽም። የሽማግሌ እጅ ተይዞ አይጎተትም። አጎንብሼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ግራዝማች፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እጅዎን…» ማለት ጀመርኩ። ይቅርታው ሳያልቅ ጣታቸው ቱቦው ላይ ተጣበቀ።

ማስትሮ ቢኖር ኖሮ በሚያውቀው ስድብ ጮሆባቸው፣ ጣታቸው ይተርፍ ነበር። እሱን ደግሞ ለክብራቸው ብዬ ቤቱ አስቀርቼዋለሁ።

ሲነጥቁት ቆዳው ቱቦው ላይ ቀረ። «አቃጠለኝ!» ብለው ጮኹ። ጣቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ ዓይናችን እያየ ውሃ ይቋጥር ጀመር። ጋዙን ዘጋሁ። ቶርኖውን አቆምኩ። ግራዝማች ጣታቸውን አየት አደረጉና እንደገና ቤቱን ዙሪያውን ቃኙ፤ ከቶርኖው ሥር፣ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ከጣሪያው ሥር።

«እሳቱ የት አለ?» አሉ። ቅድም የጠየቁት ጥያቄ ነበር፤ አሁን ግን ድምፃቸው ሌላ ነው።

«ቅዝቃዜም ሲበረታ ያቃጥላል፣ ግራዝማች» አሉ ነፍስ አባታቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እውነቱን ነው የተናገሩት።

ግራዝማች አልሰሟቸውም። ወደ እኔ ዞረው፣ ግን ዓይኔን ሳይሆን ነጭ ሸሚዜን እያዩ «ቀጥቃጭስ እሳት አለው» አሉ። «እሳቱን ከሩቅ ታየዋለህ፣ ትሸሸዋለህ። እሳት ሳይኖረው የሚያቃጥል፣ እሱ ምንድን ነው?»

መልሱን አውቀው ነበር። ታፍኖ የቆየ ጋዝ በድንገት ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል፤ ይኸው ነው። ግን ያንን ለማን ልናገር? ግራዝማች ጀርባቸውን ሳይሰጡኝ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳደረጉ፣ የኋሊት እየረገጡ ከበሩ ወጡ። ጃንጥላቸውን ረሱት። ማንም ሊወስደው አልመጣም።

ሐኪም ቤት አልሄድም ብለው ፀበል ገቡ። ጣቱ ዳነ፤ ወሬው ግን አልዳነም። የኮልፌ ወሬ እግር ብቻ ሳይሆን ክንፍም አለው። ምሳ የምትሰጠኝ ሴትዮ ሳህኔን ለብቻው ታስቀምጥልኝ ጀመር፤ እኔ ስገባ ሌሎቹ ተመጋቢዎች ወደ ግድግዳው ዞረው ይጎርሳሉ። አንድ ቀን በንዴት «እንግዲያው ሁላችሁንም በላኋችሁ!» ብዬ ጮኽኩ። የሳቀ የለም። በማግሥቱ ሴትዮዋ «ወንድም ዓለም፣ ሌላ ቤት ብትሞክር» አለችኝ፤ እሷም ይቅርታ እየጠየቀች።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ግራዝማች የሚያሳርሱበት ማረሻ፣ በራቸውን የሚቆልፉበት ቁልፍ፣ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ጠመንጃ፣ ነፍስ አባታቸው የሚያሳልሟቸው መስቀል፣ ሚስታቸው የምትሰፋበት መኪና ዘንግ፣ ይህ ሁሉ ከማን እጅ ወጣ? ብረቱን ይስማሉ፣ የሠራውን ይሸሻሉ። ይህን ፊት ለፊት ለማንም አልተናገርኩም፤ ጨዋ ነኛ። ጨዋነቴ ምን እንዳተረፈልኝ አይታችኋል።

ኬክ ቤቷ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኘን። ዘግይታ መጣች። ለስላሳዋ ቀረበላት። ቦምቦሊኖ አላዘዘችም።

«አባቴን ምን አደረግኸው?» አለች።

«ምንም። ቅዝቃዜ ነው። ትምህርት ቤት ተምረሽዋል እኮ።»

«ተምሬዋለሁ።»

ጠርሙሷን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁት። «ይኸውልሽ፤ እዚህ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ ነው። ይኼ የሚፈላው አረፋ። ስትጠጪው የኖርሽው ነገር ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።»

ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ አየችው። አረፋው ከሥር እየተነሣ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። የማታምነኝ አይመስለኝም ነበር፤ አሁንም አይመስለኝም። «አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ጣቱን እኔ ነኝ ያሰርኩለት።» ተነሥታ ስትሄድ ጠርሙሱ እንደሞላ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመሰችውም።

በዓመቱ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዳሯት። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመታ የሚውል ነው አሉ። ማኅተሙም ብረት ነው፤ ግን ቀለም እንጂ እሳት የለውም።

የፋብሪካው ዘንጎች ሲያልቁ እኔ ወደ ዘይትና ሳሙናዬ ተመለስኩ። ማስትሮ ሲሊንደሩን ለምን እንዳስመለስኩ ሲጠይቀኝ «ይጨስ፤ ቢያንስ ምን እንደሆንኩ ከሩቅ ይታወቃል» አልኩት። አልገባውም። ልጣጩ እንደገና እየጋለ፣ እየተንጣጣ፣ ብልጭታ እየረጨ ይወጣ ጀመር፤ ሰውም አውቶቡስ ውስጥ እንደገና ወደ መስኮቱ ይጠጋልኝ ጀመር።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ያችው ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አየኋት። ነጠላ ለብሳ፣ ሁለት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ አቅፋ ቆማለች። እሷ ናት ቀድማ ያየችኝ። ልትሸሸኝ ትችል ነበር፤ አልሸሸችም። ፊቷ በራ። «እንዴት ነህ? እናትህ ደህና ናቸው?» አለች። የውሸት ፈገግታ አልነበረም፤ እኔ የእሷን ፈገግታ አውቀዋለሁ።

«ደህና ናቸው። ያንቺ ነው?» አልኳት።

«አዎ» አለች በኩራት።

ልጁ በሁለት እጁ ቦምቦሊኖ ይዞ ይገምጣል። አገጩ ላይ ስኳር ተለጥፏል፤ ልክ እንደ እናቱ፣ ልክ እዚያችው ቦታ ላይ። ሳላስበው ሳቅሁ። ያንን የጥንት ቀልዴን ልነግራት፣ «ዓይኔን ልጨፍንለት እንዴ?» ልላት፣ እሷም እንደ ድሮው ትመልስልኛለች ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ቃሉ ሳይወጣ እጇ ተነሣ። እሷ ያወቀችው አይመስለኝም። ወሬዋን አላቋረጠችም፤ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት እየነገረችኝ ነው። እጇ ግን ብቻውን የነጠላዋን ጫፍ ሳበና በልጁ ፊት ላይ፣ በቦምቦሊኖው ላይ ጣል አደረገው። ነጠላው ስስ ነው። ከሥሩ የልጁ ጉንጭ ሲንቀሳቀስ፣ ሲያላምጥ፣ ከዚያ ደግሞ መተንፈሻ አጥቶ ሲወራጭ ይታየኛል።

ፊቴን አዞርኩ፤ ልጁ ይብላ ብዬ።